የግሌንካልቪ ሰዎችና የመስኮቱ ጽሑፍ

የሳምንቱ ንባብ፦ ሉቃስ 13፥1-5፤ 1ኛ ነገሥት 21፥1-19፤ ኢዮብ 19፥23-27



በቤት ለቤት ጸሎታችን ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። አንዳንዱ ጮክ ብሎ ይጠይቀዋል፤ አብዛኛው ግን ሌሊት ሸራው በነፋስ ሲንኳኳ ብቻውን ያወጣዋል ያወርደዋል። «እዚህ የደረስነው በኃጢአታችን ይሆን? እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብን ምን ብናደርግ ነው?» ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው ሲመልሰውም አይታችኋል። «ጸሎት ትተን ነበር»፣ «እርስ በርስ ተበላልተን ነበር»፣ «አባቶቻችን የሠሩት ነው» ይላል። ቀለል አድርጎ የሚመልስለት ሰባኪ ደግሞ አይጠፋም።

ዛሬ ይህን ጥያቄ ከሩቅ አገር ይዘን እንመጣለን። ታሪኩ የሆነው በስኮትላንድ ሰሜናዊ ደጋ፣ ሮስሻየር በሚባል አውራጃ፣ በኪንካርዲን አጥቢያ ውስጥ ባለች ክሮይክ በምትባል ትንሽ የገጠር ቤተክርስቲያን ነው። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጥቢያው እጅግ ሰፊ ነበር። ሸለቆ ከሸለቆ በተራራ የተለያየ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ክረምቱ ረጅም ነው። በሸለቆዎቹ ራስ የሚኖር ሰው ወደ ዋናው ቤተክርስቲያን ለመድረስ ብዙ ሰዓት በእግሩ መሄድ ነበረበት። ይህ ችግር በደጋው ሁሉ ስለነበረ የብሪታንያ ፓርላማ በ1823 በደጋውና በደሴቶቹ አዳዲስ ቤተክርስቲያኖች እንዲሠሩ 50,000 ፓውንድ መደበ። በዚያ ገንዘብ 32 ቤተክርስቲያኖች ተሠሩ። ሥራውን የተቆጣጠረው መንገድና ድልድይ በመሥራት ስሙ የገነነው ቶማስ ቴልፎርድ ነው። ለአንድ ቤተክርስቲያንና ለመጋቢው ቤት በአንድነት ከ1,500 ፓውንድ በላይ እንዳይወጣ ተወስኖ ስለነበረ ሁሉም ተመሳሳይ፣ ቀላልና ጌጥ የሌላቸው ሆኑ። ክሮይክ ከእነዚህ አንዷ ናት፤ በ1827 ተጠናቀቀች። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ትንሽ የደወል ማማ፣ በትናንሽ ባለ አራት ማዕዘን መስታወት የተሠሩ መስኮቶች አሏት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቤተክርስቲያኗ የተሠራችው ሕዝብ ስለነበረ ነው። መንግሥት ራሱ «እዚህ ሰው አለ፣ የሚጸልይበት ይኑረው» ብሎ ሠራት። አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ ግን ሰውየው ራሱ እንዲነሣ ተደረገ።

ለምን? በአጭሩ፣ በበግ ምክንያት ነው። የዚያ አገር ገበሬ ርስት አልነበረውም፤ እኛ ጭሰኛ የምንለው ዓይነት ነው። አያት ቅድመ አያቱ በአንድ ሸለቆ ቢኖሩም መሬቱ የባለርስቱ ነው። አጃና ገብስ ይዘራል፣ ድንች ይተክላል፣ ጥቂት ከብት ያረባል፣ በዓመት ኪራይ ይከፍላል። በብዙ ቦታ የረጅም ጊዜ ውል አልነበረውም። ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግን የበግ ሱፍና ሥጋ በደቡብ ከተሞች ገበያ ጥሩ ዋጋ አወጣ። ለባለርስቱ ከአሥራ ስምንት ቤተሰብ ኪራይ ከመሰብሰብ ሸለቆውን በሙሉ ለአንድ የበግ ነጋዴ ማከራየት ቀላል ሆነ። ጉዳዩ በሕግ ያልቃል፦ የማስለቀቂያ ወረቀት ይደርሳችኋል፣ ቀኑ ይቆረጣል፣ ቀኑ ሲደርስ ትወጣላችሁ። በደጋው በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከመቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲህ ተነቀሉ። አንዳንዶቹ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዳንዶቹ ወደ ከተማ፣ ብዙዎች ደግሞ በመርከብ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ሄዱ።

ከክሮይክ አጠገብ ያለው ሸለቆ ግሌንካልቪ ይባላል። በ1842 የማስለቀቂያ ወረቀቱ ሲመጣ ወደ መልእክተኞቹ የወጡት ሴቶቹ ናቸው፤ ወረቀቱንም በእሳት አቃጠሉት። (በመጽሐፍ ቅዱስም በሌላ ቦታም፣ ወንዱ ሲመካከር እናቶች ቀድመው መውጣታቸው የተለመደ ነው።) በዚህ ጥቂት ዓመት አተረፉ። የባለርስቱ ወኪል ጄምስ ጊላንደርስ የሚባል ሰው ግን አልተወም። በ1845 በፍርድ ቤት በኩል ጉዳዩን ጨረሰ፤ በግንቦት ወር ውስጥ መውጣት ግድ ሆነ።

በዚያው ጊዜ ቤተክርስቲያኗ ራሷ ተከፍላ ነበር፤ ይህን ሳንረዳ ቀሪው ታሪክ አይገባንም። በስኮትላንድ ቤተክርስቲያን ከ1712 ጀምሮ በነበረው ሕግ የአጥቢያውን መጋቢ የመምረጥ መብት የባለርስቱ ወይም የሌላ ባለ ሥልጣን ነበር። ምእመኑ «ይህ ሰው እረኛችን አይሆንም» ቢልም ባለ መብቱ ካመጣው መጣ ነው። ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ በሜይ 18 ቀን 1843 ኤዲንብራ ውስጥ ከጉባኤው ተነሥተው ወጡ። ከ450 በላይ መጋቢዎች ደመወዛቸውን፣ ቤታቸውንና ቤተክርስቲያናቸውን ትተው ነጻ ቤተክርስቲያን የሚባለውን መሠረቱ። በደጋው ሕዝቡ ከእነሱ ጋር ሄደ። ብዙ ባለርስቶች ግን ለአዲሶቹ ጉባኤዎች አንድ ክንድ መሬት እንኳ አንሰጥም አሉ፤ ሕዝቡ በተራራ ጥግና በመንገድ ዳር ዝናብ እየመታው አመለከ። ስትሮንቲያን በሚባል ቦታ ያሉ ምእመናን መሬት ሲከለከሉ በ1846 በብረት የተሠራች በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ቤተክርስቲያን አሠርተው በባሕር ሰርጥ ውስጥ መልሕቅ ጣሉ። ሰው በበዛ መጠን ወደ ውሃው ዝቅ ስለምትል የሰባኪውን ተወዳጅነት በዚያ ይለኩ ነበር ይባላል። ባለርስቱ ውሃውን ሊከለክል አልቻለም!

የክሮይክ መጋቢ ጉስታቨስ ኤርድ ከወጡት አንዱ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሆነው ወጣት ነው። ቤቱንና ደመወዙን ተወ እንጂ ሕዝቡን አልተወም፤ ስለ መፈናቀላቸውም ዝም አላለም። ምእመናኑ ሜዳ ላይ ተሰብስበው መዝሙረ ዳዊትን በራሳቸው በጌሊክ ቋንቋ ይዘምሩ ነበር። በዚያ አገር ወግ አንዱ መሪ መስመሩን ያወጣል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ይዘልቀዋል። መጽሐፍ በእጁ የሌለውም ሰው በዚህ መንገድ ይዘምራል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ወደ ግንቦት 1845 እንመለስ። የለንደኑ ጋዜጣ «ዘ ታይምስ» ዘጋቢ ልኮ ስለነበረ የሆነውን በዝርዝር እናውቃለን። የግሌንካልቪ ሰዎች ተሰልፈው ከሸለቆው ወጡ። ሁለት ሦስት ጋሪ ሕፃናትን ጭኗል፤ ሌሎቹ ጋሪዎች መኝታና የቤት ዕቃ ይዘዋል። ከአሥራ ስምንቱ ቤተሰብ መሄጃ ያገኙት ስድስቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወደ ክሮይክ ቤተክርስቲያን ግቢ፣ ወደ መቃብሩ ስፍራ መጡ። እንጨት ተከሉ፣ በላዩ ሸራ ወጠሩ፣ ጎን ጎኑን በብርድ ልብስና በጋቢ በሚመስለው በአገራቸው ልብስ ዘጉት። ሰማንያ ሰው እዚያ አደረ። 23ቱ ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፣ ሰባቱ ሕመምተኞች ነበሩ፣ አሥር ያህሉ ደግሞ ከስድሳ ዓመት በላይ ነበሩ። በመቃብሩ መካከል እሳት አነደዱ፤ አራሶቹ በአልጋቸው እንዳሉ እሳቱ አጠገብ ተቀመጡ፣ እናቶቻቸው ከበቧቸው።

ሸራ ምን እንደሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ የትኛው ጥግ እንደሚያፈስ፣ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት ምን እንደሚጠይቅ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ እዚህ ላይ አልቆይም።

ቤተክርስቲያኗ ግን አጠገባቸው ነበረች። ጣሪያ አላት፣ ግድግዳዋ ድንጋይ ነው። ለምን አልገቡም? አንዳንዶች የእግዚአብሔርን ቤት ማደሪያ ማድረግ ድፍረት መስሏቸው ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሕዝቡ ከሁለት ዓመት በፊት ከዚያች ቤተክርስቲያን ስለወጣ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ። የትኛውም ቢሆን ግን ያሳዝናል። መዝሙር 84 ወፍ እንኳ በመሠዊያው አጠገብ ጫጩቶቿን የምታኖርበት ቤት ማግኘቷን ይናገራል። በክሮይክ ሕፃናቱ ውጭ አደሩ።

ታዲያ በዚያ ቀን አንድ ሰው፣ ወይም ጥቂት ሰዎች፣ ስለታም ነገር ይዘው ወደ ምሥራቁ መስኮት ቀረቡ። በመስታወቱ ላይ ከውጭ በኩል ጫሩ። ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል። አንዱ የግሌንካልቪ ሰዎች በሜይ 24 ቀን 1845 እዚህ እንደነበሩ ይናገራል። አንዱ ግሌንካልቪ ምድረ በዳ እንደሆነች ይላል። ሌላው ደግሞ ግሥ እንኳ የሌለው አጭር ነው፦ «የግሌንካልቪ ሰዎች፣ ክፉው ትውልድ»።

የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በቤታቸው የሚናገሩትና የሚጸልዩበት ቋንቋ ግን ጌሊክ ነበር። ለራሳቸው ቢሆን በጌሊክ በጻፉት ነበር። የሌላውን ሰው ቋንቋ የመረጡት ሌላው እንዲያነበው ይመስለኛል።

አሁን ያቺን አንድ ቃል እንያት፤ ክፉው ትውልድ። ምን ማለታቸው ነበር? በአንድ በኩል ራሳቸውን ሲከሱ ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ዓመታት በደጋው ይህ መፈናቀል ስለ ኃጢአታችሁ የመጣ የእግዚአብሔር ቅጣት ነው፣ ዝም ብላችሁ ተቀበሉት ብለው የሰበኩ አገልጋዮች ነበሩ። እንዲህ ያለ ስብከት ለባለርስቱ እንዴት እንደሚጥመው አስቡት። ወረቀቱን የላከው ሰው ከታሪኩ ወጣ፣ በጉ ወጣ፣ ኪራዩ ወጣ፤ የቀሩት እግዚአብሔርና ጥፋተኛው ድኻ ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ቃሉ ምሬት ሊሆን ይችላል፤ «እንግዲህ ክፉዎቹ እኛ ነን አሉ» እንደ ማለት። የጻፈው ሰው ስሙን አልተወልንም። እኔ ግን ሁለቱም ስሜት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ በአንድ ሌሊት ሊኖር እንደሚችል አምናለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኩለ ሌሊት ላይ «ምን በደልን?» ትላላችሁ፣ ሲነጋጋ «የበደልነው እኛ ነን» ትላላችሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ «የበደሉንስ?» ትላላችሁ።

ንባባችን እዚህ ላይ ይናገራል። በሉቃስ 13 ሰዎች ለጌታ ሁለት ወሬ ይዘው የመጡ ያህል ነው። አንዱ ጲላጦስ በመሥዋዕታቸው ላይ ስለገደላቸው ገሊላውያን ነው፤ ይህ የባለሥልጣን ግፍ ነው። ሁለተኛውን ጌታ ራሱ ያነሣዋል፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው ሰዎች፣ ይህ ደግሞ አደጋ ነው። ቁጥራቸው አሥራ ስምንት ነበር፤ የግሌንካልቪም ቤተሰቦች አሥራ ስምንት ናቸው። ጌታ በሰዎቹ ልብ ያለውን ጥያቄ አውጥቶ ይጠይቃቸዋል፦ እነዚህ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ነውን? መልሱንም አላስረዘመም፤ ሁለት ጊዜ «አይደለም» አለ።

«ግን እኮ ወዲያው ስለ ንስሐ ይናገራል» የሚል ይኖራል። አዎን ይናገራል፣ ልንዘለውም አይገባም። ለማን እንደሚናገር ግን ተመልከቱ። በሞቱት ላይ አይፈርድም። ግንቡ ለወደቀባቸው ቤተሰቦች «ንስሐ ግቡ» ብሎ መልእክት አልላከም። የሚናገረው ቆመው ለሚጠይቁት፣ የሌላውን መከራ አይተው ሒሳብ ለሚሠሩት ነው። እኔ በግሌ ንስሐ የምገባበት ነገር አለኝ፤ አንቺም አለሽ፣ አንተም አለህ። ባልንጀራህን በምግብ ስፈራ ሰልፍ ላይ ገፍተኸው ከሆነ፣ የጎረቤትሽን ስም በውሃው ቧንቧ አጠገብ አጥፍተሽ ከሆነ፣ ለዚያ ንስሐ ግቡ። ያ ኃጢአት የራሱ ስም አለው፣ ይቅርታም አለው። ነገር ግን ቤታችሁ የተቃጠለው፣ መንደራችሁ የተፈታው በእርሱ ነው ብላችሁ አትቁጠሩ። ቤት ያቃጠለ ሰው እጅ አለው።

ለዚህ ነው ናቡቴን በንባቡ ያስገባነው። ታሪኩን ስናነብ ቶሎ ወደ ግድያው እንሮጣለን፤ ከግድያው በፊት ያለውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አክዓብ የወይኑን ቦታ ፈለገ፣ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ኤልዛቤል ታዲያ በመጀመሪያ ምን አደረገች? ጾም አሳወጀች! ሃይማኖታዊ ጉባኤ አስጠራች። ናቡቴን በሕዝቡ ፊት አስቀምጠው እግዚአብሔርን ሰድቧል ብለው መሰከሩበት። ሰውየው መሬቱን ከማጣቱ በፊት ስሙን አጣ። መጀመሪያ ኃጢአተኛ ተባለ፣ ከዚያ ተወገረ፣ ከዚያ ርስቱ ተወሰደ። ደብዳቤው በንጉሡ ማኅተም ታትሟል፣ ሽማግሎቹ ተስማምተዋል፣ ምስክር ቀርቧል፣ ሁሉም በሕግ አልቋል። እግዚአብሔር ግን ኤልያስን የላከው ወደ ናቡቴ ዘመዶች አይደለም፤ አክዓብ ገና በወይኑ ቦታ ቆሞ ሳለ ወደ እርሱ ላከው። «ክፉው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እግዚአብሔር ሲመልሰው ማኅተሙን አላየም።

ጌታም «ክፉ ትውልድ» የሚለውን ቃል የተናገረበትን በማቴዎስ 12 ፈልጉት። ፊቱ የቆሙት ጻፎችና ፈሪሳውያን ናቸው፤ ብዙ አይተው ሳለ ሌላ ምልክት ካላሳየኸን የሚሉ ናቸው። በመቃብር ስፍራ በእሳት ዙሪያ ለተኛ ሕፃን የተናገረው ቃል አይደለም። ይህ ቃል እንዴት ከዚያ ተነሥቶ በክሮይክ መስኮት ላይ እንደደረሰ ሳስበው ያስፈራኛል። ቃሉን ለድኻ ያሸከመው ሰው አለ።

ኤርድን ደግሞ አስታውሱት። ከእነርሱ ጋር ያለ እረኛ ነበር፤ ሕዝቡን ከመክሰስ ስለ ሕዝቡ መናገርን መረጠ። ግሌንካልቪን አላዳናትም። ሸለቆው ባዶ ሆነ፣ በጎቹ ገቡ። በ1854 እንኳ በዚያው አካባቢ ግሪንያርድስ በሚባል ቦታ ፖሊሶች ወረቀት ይዘው መጥተው ሴቶችን በዱላ ክፉኛ ደበደቡ። ኤርድ ግን በአቅራቢያው በክሪች አጥቢያ ሲያገለግል ኖሮ በ1888 የነጻ ቤተክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ፤ በ1898 ዐረፈ። የተከፈለው ቤተክርስቲያንም አብዛኛው በ1929 ተመልሶ አንድ ሆነ። ክሮይክም እስከ ዛሬ ቆማለች፤ ሰዎች ከሩቅ እየመጡ መስኮቱን ያያሉ። የተመደበላት ሕዝብ ግን አልተመለሰም።

ኢዮብ በምዕራፍ 19 ቃሌ በተጻፈ ኖሮ፣ በብረት ብዕር በዓለት ላይ በተቀረጸ ኖሮ ብሎ ይመኛል። ወዳጆቹ ምዕራፍ ከምዕራፍ «በኃጢአትህ ነው» ሲሉት ከርመዋል፤ እርሱ ግን ክሱን አልፈረመም። ቃሉ እንዲጻፍለት የፈለገው የሚቤዠው ሕያው እንደሆነ፣ በመጨረሻም በምድር ላይ እንደሚቆም ስለሚያውቅ ነው። የግሌንካልቪ ሰዎች ዓለት አላገኙም፤ ያገኙት መስታወት ነው። የጻፉት ሁሉ እውነት ነበር ማለቴ አይደለም። «ክፉው ትውልድ» የሚለውን እግዚአብሔር አልጻፈውም፤ «እዚህ ነበርን» የሚለው ግን እውነት ነው፤ ጌታም ያውቀዋል።

በመጽሐፉ መጨረሻ በኢዮብ 42 እግዚአብሔር ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የገሠጸው ማንን እንደሆነ አንብባችሁ ኑ። በየብሎኩ ባሉ የጸሎት ቡድኖች በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ «በኃጢአታችን ነው» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማችሁት ከማን ነው? ሲነገርስ ማንን ጠቀመ? ሁለተኛ፣ ልጆቻችሁ ከየት እንደመጣችሁ ቢጠይቋችሁ የቀዬአችሁን ስም፣ የቤተክርስቲያናችሁን ስም፣ የወጣችሁበትን ቀን ትነግሯቸዋላችሁ? መጻፍ የምትችሉ ጻፉላቸው። የማትችሉ ወጣቶቹን ጥሩ፣ እነርሱ ይጽፉላችኋል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ከቤተክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ማግኘት ይቻላል።